«ቴክ ኦፍ» ስንት ትርጉም አለው? ፍሬዛል ቨርብን ከአንድ ግስ ተነስቶ የመረዳት ዝርዝር መመሪያ

ሃምሳ ፍሬዛል ቨርብ፣ ማለትም ከትንሽ ቃል ጋር ተጣምሮ አዲስ ትርጉም የሚይዝ የእንግሊዝኛ ግስ፣ ከነትርጉሙ የሸመደደ ተማሪ «ሺ ቱክ ኢት ባክ» የሚል አጭር ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው «ወሰደችው... ጀርባ?» ብሎ ይቆማል። ችግሩ የማስታወስ አይደለም። «ቱክ» ላይ ሲደርስ «ወሰደች» ብሎ ተርጉሞ ጨርሷል፤ ቀጥላ የመጣችውን ትንሽ ቃል የሚያስቀምጥበት ቦታ አጣ። ትክክለኛው ትርጉም «መለሰችው» ነው። የተመለሰው የተናገረችው ነገር ከሆነ ደግሞ «ቃሏን አነሳች» ይሆናል።

ይህ መመሪያ የሚሠራው በአንድ ግስ ነው፦ «ቴክ»። እንግሊዝኛ አብዛኛውን የዘወትር ፍሬዛል ቨርብ የሚሠራው ከጥቂት ግሶች ነው፤ ቴክ፣ ጌት፣ ፑት፣ ጎ፣ ካም፣ ተርን፣ ሉክ እና የመሳሰሉት። አሠራሩን በአንዱ ላይ የለመደ ሰው ሌሎቹን የሚማርበት መንገድ አይለወጥበትም። ሰባቱን በአንድ ጊዜ የጀመረ ግን አንዱንም ሳይዝ ይደክመዋል።

ግሱን ተከትላ የምትመጣውን ትንሽ ቃል፣ ማለትም ኦፍን፣ ኦንን፣ አፕንና የመሳሰሉትን፣ ከዚህ በኋላ «ተቀጥላ» እንላታለን። የእንግሊዝኛ ቃላቱን በፊደላችን የጻፍናቸው ድምፃቸው እንዲሰማ ነው፤ እናንተ ደብተራችሁ ላይ በላቲን ፊደል ጻፉ።

ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አዘጋጁ፦

- አንድ ደብተር። ለእያንዳንዱ ተቀጥላ አንድ ሙሉ ገጽ ተዉለት።
- ለቋንቋ ተማሪዎች የተዘጋጀ ከእንግሊዝኛ ወደ እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት። ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ የሚተረጉሙት ትንንሾቹ ለዚህ ሥራ አይበቁም፤ ብዙ ጊዜ ለአንድ ፍሬዛል ቨርብ አንድ ትርጉም ብቻ ሰጥተው ያልፋሉ።
- የተቆራረጡ ካርዶች፣ 30 ያህል።
- ድምፅ መቅጃ ያለው ስልክ።
- በቀን 20 ደቂቃ። እሑድ ሦስት ሰዓት ቁጭ ብሎ የሳምንቱን ማካካስ ለዚህ አይነት ትምህርት አይሠራም።

የግሱን አምስት ቅርጾች በቃል ያዙ፦ ቴክ፣ ቴክስ፣ ቱክ፣ ቴክን፣ ቴኪንግ። የሚረባው ግሱ ብቻ ነው፤ ተቀጥላዋ በፍጹም አትለወጥም። «ሺ ቴክስ ኦፍ» ይባላል እንጂ «ሺ ቴክ ኦፍስ» አይባልም። ያለፈውን ጊዜ «ቴክድ» ማለትም የለም።

ማስጠንቀቂያ፦ በላቲን ስትጽፉ ኦፍ ሁለት ኤፍ አላት። በአንድ ኤፍ የምትጻፈው ሌላ ቃል ናት፣ ስትነበብም «ኦቭ» ነው የምትለው። አንዲት ፊደል በመጉደሏ ብቻ ዓረፍተ ነገሩ ፍቺ አልባ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ አማርኛችሁ ይህን እንደሚያደርግ እዩ

«ፈረደለት» እና «ፈረደበት» የሚሉትን አስተያዩ። ግሱ አንድ ነው። ጭራው ላይ ያለችው «ለ» ወይም «በ» ግን አንዱን ሰው ነጻ አውጥታ ሌላውን ታሳስራለች። «መሰከረለት» እና «መሰከረበት»ም እንደዚሁ። ማንም አማርኛ ተናጋሪ «ፈረደ»ን ብቻ ሰምቶ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ ጭራዋን ይጠብቃል። «ቱክ» ስትሰሙም እንደዚያው ጠብቁ።

ልዩነቱ አማርኛ ጭራዋን ከግሱ ጋር መስፋቱ ነው። እንግሊዝኛ ነጥሎ ያቆማታል፤ አንዳንዴም መሃላቸው ሌላ ቃል ይገባል።

አምስት ደቂቃ ወስዳችሁ አምስት ጥንድ ጻፉ፦ ዘጋለት እና ዘጋበት፣ ጮኸለት እና ጮኸበት፣ እያላችሁ ቀጥሉ። ከዚያ አቁሙ። «ለ ማለት አፕ ነው፣ በ ማለት ኦን ነው» ብላችሁ አንድ ለአንድ ለማዛመድ ከሞከራችሁ በሁለተኛው ቀን ትጠፋላችሁ። የምትወስዱት ልማዱን እንጂ ዝምድናውን አይደለም።

ደረጃ 2፦ ከመተርጎማችሁ በፊት ተቀጥላዋን አድኑ

ጽሑፍ ስታነቡ ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ፦

1. የ«ቴክ»ን ቅርጽ ባገኛችሁበት አስምሩበት። አትተርጉሙት።
2. ዓይናችሁን ወደ ቀኝ ይዛችሁ እስከ ሐሳቡ መጨረሻ ሂዱ። ከእነዚህ አንዷን ካገኛችሁ ክበቡባት፦ ኦፍ፣ ኦን፣ አፕ፣ ኢን፣ አውት፣ ኦቨር፣ ባክ፣ ዳውን፣ አዌይ፣ አፓርት፣ አፍተር፣ ቱ።
3. በግሱና በተቀጥላዋ መሃል ያለውን ክበቡት። እሱ ተሳቢው ነው።
4. አሁን ግሱንና ተቀጥላዋን አንድ ላይ አንብባችሁ ተርጉሙ።

አንድ ዓረፍተ ነገር በቅርብ እንይ፦ «ዘ ኒው ማኔጀር ቱክ ዘ ሆል ዲፓርትመንት ኦቨር ላስት ዊክ»። «ቱክ» ላይ አሰመራችሁ። ወደ ቀኝ ስትሄዱ ሦስት ቃል ተሻግራችሁ «ኦቨር» ተገኘች። መሃል ያለው «ዘ ሆል ዲፓርትመንት» ነው፤ መምሪያው በሙሉ። ሁለቱ ሲገናኙ «ቱክ ኦቨር»፣ ተረከበ። «አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ባለፈው ሳምንት መምሪያውን በሙሉ ተረከበ።» በመጀመሪያው ቃል «ወሰደ» ብሎ የተረጎመ ሰው መምሪያውን የት እንዳደረሰው እስካሁን እየፈለገ ነው።

ሲበላሽ፦ ትንሿ ቃል ተቀጥላ ሳትሆን ተራ መስተዋድድ ልትሆን ትችላለች። «ሂ ቱክ ዘ ባግ አፕ ዘ ስቴርስ» ማለት ቦርሳውን በደረጃው ወደ ላይ ወሰደው ማለት ነው፤ እዚህ ፍሬዛል ቨርብ የለም። «ሂ ቱክ አፕ ፔይንቲንግ» ግን ሥዕል መሳል ጀመረ ነው። መለያው ጥያቄ «ወዴት?» ነው። ከትንሿ ቃል ጀምሮ ያለው ሐረግ «ወዴት?» ለሚለው መልስ ከሰጠ ተራ መስተዋድድ ናት፤ «ወዴት? ወደ ሥዕል» ብሎ ነገር የለም።

ደረጃ 3፦ ትርጉሙን ከተሳቢው ለዩ

አብዛኞቹ ዝርዝሮች የሚወድቁት እዚህ ነው። «ቴክ ኦፍ ማለት ማውለቅ» ብለው ይጽፋሉ፤ አንባቢው አውሮፕላን «ሲያወልቅ» ያገኘዋል። ፍሬዛል ቨርብን ብቻውን አትጻፉ፤ ከምን ጋር እንደሚሄድ አብራችሁ ጻፉ።

*ኦፍ*

የጋራ ስሜቱ ከነበረበት መለየት ነው። ከዚያ ተሳቢው ይወስናል፦

- ልብስ፣ ጫማ፣ መነጽር ከሆነ ማውለቅ ነው። «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ»፣ ጫማህን አውልቅ።
- አውሮፕላን ባለቤት ሆኖ ተሳቢ ከሌለ መነሣት ነው። «ዘ ፕሌን ቱክ ኦፍ»።
- የጊዜ መጠን ከሆነ ከሥራ ማረፍ ነው። «ሺ ቱክ ቱ ዴይስ ኦፍ»፣ ሁለት ቀን ፈቃድ ወሰደች። የጊዜው መጠን መሃል መግባቱን ልብ በሉ፤ የተለመደው አነጋገር ይህ ነው።
- ገንዘብ ወይም መቶኛ ከሆነ መቀነስ ነው።
- ሥራ፣ ንግድ፣ ሐሳብ ባለቤት ሆኖ ተሳቢ ከሌለ በአጭር ጊዜ ሰመረ፣ ገነነ ማለት ነው።
- ሰው ባለቤት ሆኖ ተሳቢ ከሌለ በድንገት ትቶ መሄድ ነው። ይህ የመደበኛ ጽሑፍ ሳይሆን የወሬ ቋንቋ ነው።

የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን አያይዛችሁ ያዙ፤ አማርኛውም እዚያው ያገናኛቸዋል። ጫማውን አወለቀ፤ ሰውዬው ደግሞ ውልቅ ብሎ ሄደ።

ሁለት ማስጠንቀቂያዎች። የልብስ «ቴክ ኦፍ» ተቃራኒ «ቴክ ኦን» አይደለም፤ መልበስ «ፑት ኦን» ነው። መብራትና ማሽን ማጥፋትም «ቴክ ኦፍ» ሳይሆን «ተርን ኦፍ» ነው። ሁለቱም ስህተቶች የሚመጡት ተቀጥላዋን ይዞ ግሱን በመገመት ነው።

*ኦን*

በራስ ላይ መጫን። ሥራ ወይም ኃላፊነት ከሆነ መቀበል፣ ሠራተኛ ከሆነ መቅጠር፣ ተጋጣሚ ከሆነ መግጠም። ባለቤቱ ሰው ያልሆነ ነገር ሆኖ ተሳቢው ትርጉም፣ መልክ ወይም ባሕርይ ሲሆን ደግሞ «አዲስ መልክ ያዘ» እንደምንለው ነው።

*አፕ*

«ወደ ላይ» የሚለው ፍቺ እዚህ ከሚረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል። በተሳቢው ሂዱ። ቦታ ወይም ጊዜ ከሆነ መያዝ፣ መሻማት ነው፦ «ዚስ ቴብል ቴክስ አፕ ቱ ማች ስፔስ»፣ ይህ ጠረጴዛ ቦታ ይፈጃል። ስፖርት፣ ሙያ፣ የትርፍ ጊዜ ሥራ ከሆነ መጀመር ነው፤ ግስ ከተከተለ በ«ኢንግ» ያልቃል፣ «ቴክ አፕ ረኒንግ»። ሱሪ ወይም ቀሚስ ከሆነ ከታች ማሳጠር ነው።

*ኢን*

ሰው ወይም እንስሳ ሲሆን ቤት ውስጥ ማስጠጋት። ንግግር፣ መረጃ፣ ዜና ሲሆን ሰምቶ መረዳት፦ «አይ ኩድንት ቴክ ኢት ኦል ኢን»፣ ሁሉም አልገባኝም። ልብስ ሲሆን ማጥበብ። እንግዲህ የሚያስቸግረው አራተኛው ነው፦ «ሂ ዎዝ ቴክን ኢን ባይ ዘ ሌተር» ማለት ደብዳቤው አታለለው ነው። ይህ ትርጉም ብዙ ጊዜ በተደራጊ ግስ ስለሚመጣ «ዎዝ ቴክን ኢን» ስታዩ ማስጠጋት ብቻ ሳይሆን መታለልም እንዳለ አስታውሱ፤ የሚለየው ዙሪያው ነው።

*አውት*

ቆሻሻ ወይም ከኪስ የሚወጣ ነገር ከሆነ ማውጣት፣ ጥርስ ከሆነ መንቀል፣ ሰው ከሆነ ውጭ መጋበዝ። ብድርና ኢንሹራንስ ሲሆንም «ቴክ አውት» ነው። በአማርኛ ብድርም፣ ፈተናም፣ መድኃኒትም «እንወስዳለን»፤ በእንግሊዝኛ ፈተናና መድኃኒት ተቀጥላ አይፈልጉም፣ ብድር ግን በተለምዶ «ቴክ አውት ኤ ሎን» ነው። መድኃኒት ላይ «አውት» ከጨመራችሁ ከካርቶኑ አወጣሁት ይሆናል እንጂ ዋጥኩት አይሆንም።

*ቶሎ የሚያልፉት*

- ቴክ ኦቨር፦ ኃላፊነትን፣ ፈረቃን፣ ኩባንያን መረከብ ወይም መቆጣጠር።
- ቴክ ባክ፦ ዕቃ መመለስ፤ ቃል ማንሳት።
- ቴክ ዳውን፦ ከግድግዳ ማውረድ፤ ድንኳን ነቅሎ ማፍረስ፤ የሚነገረውን መጻፍ።
- ቴክ አዌይ፦ ይዞ መሄድ፣ መንጠቅ፤ በሒሳብ መቀነስ።
- ቴክ አፓርት፦ ማሽን ወይም ዕቃ መፈታታት።
- ቴክ አፍተር፦ በመልክ ወይም በጠባይ ወላጅን ወይም በዕድሜ የሚበልጥ ዘመድን መምሰል። ልጅ እናቷን ትመስላለች፤ እናት ልጇን «ቴክስ አፍተር» አይባልም። ለጓደኛም አይሆንም።
- ቴክ ቱ፦ ሰውን ወይም ነገርን ቶሎ መውደድ፤ «ኢንግ» ሲከተለው ልማድ አድርጎ መያዝ።
- ቴክ ፎር፦ አንዱን ሌላ መስሎ መገመት። «አይ ቱክ ሂም ፎር ሂዝ ብራዘር»፣ ወንድሙ መስሎኝ ነበር።

እያንዳንዱ ተቀጥላ አንድ ቋሚ ትርጉም አላት፣ እሱን ከያዝክ የቀረው ራሱ ይመጣል የሚሉ አሉ። ለ«ኦፍ» በከፊል ይሠራል። «ቴክ አፍተር»ን ግን በ«በኋላ»፣ ማታለልን በ«ውስጥ» ለማብራራት የሚባክነው ጊዜ ሦስት ጊዜ ለመሸምደድ ይበቃል። የማይፈታውን ሸምድዱት።

ደረጃ 4፦ ተሳቢው የት እንደሚቀመጥ ወስኑ

ትርጉሙን ያወቀ ሰው ሲናገር የሚሳሳተው እዚህ ነው። ደንቡን በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ፦

1. ተሳቢ አለ? ከሌለ ጨርሳችኋል። «ዘ ፕሌን ቱክ ኦፍ።»
2. ግሱና ተቀጥላዋ ይላቀቃሉ? «ቴክ አፍተር» እና «ቴክ ቱ» አይላቀቁም፤ ተሳቢው ሁልጊዜ ከኋላ ነው፣ ተውላጠ ስምም ቢሆን። «ሺ ቴክስ አፍተር ሂም።» ኦፍ፣ ኦን፣ አፕ፣ ኢን፣ አውት፣ ኦቨር፣ ባክ፣ ዳውን፣ አዌይ፣ አፓርት ከላይ ባየናቸው በአብዛኞቹ ትርጉሞች ይላቀቃሉ።
3. ከተላቀቁ፣ ተሳቢው ስም ነው? ከሆነ ሁለቱም ቦታ ይሆናል። «ቴክ ኦፍ ዘ ጃኬት»፣ «ቴክ ዘ ጃኬት ኦፍ»።
4. ተሳቢው ተውላጠ ስም ነው? እንግዲያውስ መሃል ብቻ። «ቴክ ኢት ኦፍ»። «ቴክ ኦፍ ኢት» ስህተት ነው፤ ምርጫ የለውም።
5. ተሳቢው ረጅም ሐረግ ነው? ወደ ኋላ አድርጉት። ከግሱ በኋላ ሰባት ስምንት ቃል ደርድሮ መጨረሻ ላይ «ኦፍ» ማለት ሰሚውን ያደክማል።

ሁለት ከደንቡ የወጡ አሉ። «ቴክ ፎር» የመጀመሪያ ተሳቢውን ሁልጊዜ መሃል ነው የሚያስገባው። ሁለት ተቀጥላ ያላቸውም አሉ፦ «ቴክ ኢት አውት ኦን ሰምዋን» ማለት ንዴትን በሌላ ሰው ላይ መወጣት ነው፤ እዚህ «ኢት» ሳትለወጥ ትኖራለች፣ የሚጎዳው ሰው «ኦን»ን ተከትሎ ይመጣል። «ቴክ ሰምዋን አፕ ኦን አን ኦፈር» ደግሞ አንድ ሰው ያቀረበላችሁን ግብዣ ወይም ሐሳብ እሺ ብሎ መቀበል ነው፤ ሰውዬው መሃል፣ ግብዣው መጨረሻ።

መላቀቅ አለመላቀቁን ከመዝገበ ቃላት ለማወቅ የግቤቱን አጻጻፍ እዩ። «አንድ ነገር» የሚለውን የሚወክለው አጽሕሮት በግሱና በተቀጥላዋ መሃል ገብቶ ከታየ ይላቀቃሉ። አንዳንዶቹ መሃላቸው ባለ ሁለት ጫፍ ቀስት ያደርጋሉ፤ ቀስቱ ሁለቱም ቦታ ይቻላል ማለት ነው። አጽሕሮቱ ከኋላ ብቻ ከሆነ አይላቀቁም።

ሲበላሽ፦ እየተናገራችሁ ደንቡ ቢጠፋባችሁ ተውላጠ ስሙን ተዉትና ስሙን ከተቀጥላዋ በኋላ ድገሙት። «ቴክ ኦፍ ዘ ጃኬት» ያስኬዳል፣ «ቴክ አፍተር ዘ ፋዘር»ም ያስኬዳል። ስም ከኋላ ሲሆን በሁለቱም ዓይነት ዘንድ ትክክል ስለሆነ ይህ ማምለጫ ከ«ቴክ ፎር»ና ከባለ ሁለት ተቀጥላዎቹ በቀር አያሳፍርም።

ደረጃ 5፦ ጆሯችሁን አለማምዱ

በጽሑፍ የሚያውቁትን በንግግር የማይሰሙት ብዙ ናቸው። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ የ«ቴክ» መጨረሻ ሳድስ ነው፣ ብዙዎቹ ተቀጥላዎች በአናባቢ ይጀምራሉ። ሲገናኙ ፊደሉ ይለወጣል፦

- ቴክ እና አፕ፦ ቴካፕ
- ቴክ እና ኦፍ፦ ቴኮፍ
- ቴክ እና ኢን፦ ቴኪን
- ቴክ እና አውት፦ ቴካውት
- ቱክ፣ ኢት እና ኦፍ፦ ቱኪቶፍ
- ቱክ፣ ሂም እና ኦን፦ ቱኪሞን

በመጨረሻው ላይ የ«ሂም» የ«ህ» ድምፅ ጠፍቷል፤ በፈጣን ንግግር እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። አሜሪካኖች ደግሞ «ቱኪቶፍ» ላይ ያለችውን «ት» ወደ «ድ» ያስጠጓታል፣ «ቱኪዶፍ» ይመስላል።

ልምምዱ፦ ስድስቱን ቀስ ብላችሁ፣ ከዚያ አያይዛችሁ፣ እያንዳንዱን አምስት ጊዜ ተናግራችሁ ቅዱ። ስትሰሙት በመሃል ክፍተት ካለ ድገሙት። ጉልበቱ ተቀጥላዋ ላይ ይረፍ፦ «ቱክ ኢት» ዝቅ፣ «ኦፍ» ከፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ቴክን» እና «ቴክ ኢን» ለጆሮ ይቀራረባሉ። የመጀመሪያው ላይ የሚጎላው «ቴ» ነው፣ መጨረሻው ይደበዝዛል። ሁለተኛው ላይ «ኢን» በግልጽ ይሰማል። ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ከተጠራጠራችሁ ከፊት ያለውን እዩ፦ «ሀዝ»፣ «ሀቭ»፣ «ዎዝ» ካለ «ቴክን» ነው።

ደረጃ 6፦ ካርዱን በትክክል ሥሩ

በቀን ሦስት ካርድ፣ ከዚያ አይበልጥ። ፊቱ ላይ የአማርኛ ሁኔታ እንጂ የእንግሊዝኛ ቃል አታድርጉ። አንዱ ይህን ይመስላል፦

ፊት፦ «ሥራ ስለበዛብን ሁለት ሰው ቀጠርን።»
ጀርባ፦ «ዊ ዌር ቢዚ፣ ሶ ዊ ቱክ ኦን ቱ ፒፕል።»
ከሥር፦ ተሳቢው ሠራተኛ። በተውላጠ ስም፦ «ዊ ቱክ ዘም ኦን።»

ሦስተኛው መስመር ደረጃ 4ን በየካርዱ ያስደግማችኋል። እሱ የሌለው ካርድ ግማሽ ካርድ ነው።

ካርዱን በሠራችሁ ማግስት፣ ከዚያ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን መልሱት። የተሳሳታችሁት ካርድ ወደ መጀመሪያው ቀን ይመለሳል። ስድስቱን የ«ኦፍ» ትርጉሞች በአንድ ቀን አትሥሩ፤ ተመሳሳይ ነገሮች አብረው ሲገቡ ይደባለቃሉ። አንድ ከኦፍ፣ አንድ ከኢን፣ አንድ ከአውት አድርጉ።

ደረጃ 7፦ የት እንደሚነገር ለዩ

ፍሬዛል ቨርብ ሁሉ የመንገድ ቋንቋ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። «ቴክ ኦቨር» እና «ቴክ አውት ኢንሹራንስ» በማንኛውም ጋዜጣና ውል ላይ ይጻፋሉ። ሰው በድንገት ሄደ የሚለውን «ቴክ ኦፍ» ግን የሥራ ማመልከቻ ላይ አታስገቡ። መዝገበ ቃላቱ «ኢንፎርማል» ካለው ለንግግር አስቀሩት።

ሌላው የስም ቅርጽ ነው። የአውሮፕላን መነሣት «ቴክኦፍ»፣ የኩባንያ መጠቅለል «ቴክኦቨር» ይባላል። ስም ሲሆን እንደ አንድ ቃል ወይም በጭረት ተያይዞ ይጻፋል፣ ጉልበቱም ፊት ላይ ያርፋል። ግስ ሲሆን ሁልጊዜ ሁለት ቃል ነው።

አሁንም ካልሄደ

*ተቀጥላዋ መጨረሻ ላይ ብቻዋን ቀርታለች።* «ዋት ዲድ ሂ ቴክ ኦፍ?» የሚለው ላይ ተሳቢው ወደ ፊት ሄዷል፤ «ዋት» ነው። «ዘ ጆብ ሺ ቱክ ኦን» ላይም «ዘ ጆብ» ነው፤ የተቀበለችው ሥራ። ተሳቢው ከኋላ ካልተገኘ ከግሱ በፊት ፈልጉት።

*ሁለት ትርጉም እኩል ይሄዳል።* «ዘይ ቱክ ኢት ዳውን» ጻፉት ወይስ አወረዱት? «ኢት» የምትተካውን ስም ካለፈው ዓረፍተ ነገር አውጡ። አድራሻ ከሆነ ጻፉት፣ ሥዕል ከሆነ አወረዱት። ዓረፍተ ነገሩን ብቻውን ነጥላችሁ ለትርጉም መተግበሪያ ከሰጣችሁት እሱም እንደናንተው ይገምታል፤ የፊቱንም አብራችሁ አስገቡ።

*የ«ቴክ»ን ትርጉም ወደ ሌላ ግስ ይዛችሁ ሄዳችሁ።* «ጌት ኦፍ» ከአውቶቡስ መውረድ ነው፣ «ፑት ኦፍ» ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ። አዲስ ግስ ስትጀምሩ አዲስ ደብተር ክፈቱ፤ የሚሻገረው የደረጃዎቹ ቅደም ተከተል ብቻ ነው።

ወደ ሁለተኛው ግስ ከማለፋችሁ በፊት

እነዚህን አምስት ሳታዩ ተርጉሙ። ቢያንስ አራቱን ካላገኛችሁ ያጠፋችሁበትን ደረጃ ድገሙ።

1. «ሂዝ ኒው ጆብ ቴክስ አፕ ኦል ሂዝ ታይም።»
2. «አይ ኒድ ቱ ቴክ ዚስ ስከርት ኢን።»
3. «ዶንት ቴክ ኢት አውት ኦን ዘ ችልድረን።»
4. «ዘ ማን ዘይ ቱክ ኦን ላስት ዊክ ሀዝ ሌፍት።»
5. «ሂ ቱክ ኦፍ ሂዝ ግላስስ ኤንድ ቱክ ኦፍ።»

መልስ፦

1. አዲሱ ሥራው ጊዜውን በሙሉ ይሻማዋል።
2. ይህን ጉርድ ቀሚስ ማጥበብ አለብኝ።
3. ንዴትህን ልጆቹ ላይ አትወጣ።
4. ባለፈው ሳምንት የቀጠሩት ሰውዬ ለቋል።
5. መነጽሩን አወለቀና ውልቅ ብሎ ሄደ።